የሰማይ ባጃጅ

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔ ካፒቴን አይደለሁም። ሲያትል ውስጥ አንዲት የሐበሻ ቤተክርስቲያን በር ላይ ቆማችሁ «ካፒቴን ሳሚ የታለ?» ብትሉ ግን ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ እኔ ይቀስራል። ስሙን ማን እንዳወጣልኝ አውቃለሁ። ለምን ዝም ብዬ እንደተቀበልኩት ደግሞ ይበልጥ አውቃለሁ። የምነግራችሁ ነገር ዋናው የሆነው በአንድ ቀን፣ ከጠዋት እስከ ከሰዓት በኋላ ነው። ሳስታውሰው ዛሬም ፊቴ ይግላል።

ያኔም እንደዛሬው ሲያትል ጥግ ስካይዌይ የሚባል ሰፈር ነበር የምኖረው፣ ከባለቤቴ ከትዕግስትና ከልጃችን ከናታኒያ ጋር። ሥራዬ ኤርፖርቱ አጠገብ ካለ የመኪና ማቆሚያ መንገደኞችን ሻትል በሚሏት ሚኒባስ ተርሚናል ማድረስ ነበር። ቀኑን ሙሉ አውሮፕላን ከአናቴ በላይ ሲነሳና ሲያርፍ እያየሁ ሻንጣ እጭናለሁ፣ ሻንጣ አወርዳለሁ። ትዕግስት ሁልጊዜ ማንጋጠጤን ታውቅ ስለነበር ለልደቴ የሙከራ በረራ ገዛችልኝ። ከአስተማሪ ጋር ትቀመጣለህ፣ መሪውን ለጥቂት ደቂቃ ትይዛለህ፣ ትወርዳለህ፤ በቃ። እኔ ግን ስወርድ ሌላ ሰው ሆኜ ነው የወረድኩት። በማግስቱ ትምህርት ተመዘገብኩ።

ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ የተነሳሁትን ፎቶ ትዕግስት የቤተክርስቲያናችን ቴሌግራም ላይ ለቀቀችው። እሁድ ስንደርስ «ካፒቴን!» ያላለኝ ሰው የለም። መጋቢያችን መድረክ ላይ አወጣኝና «ወንድማችን ሳሙኤል ፓይለት ሊሆን ነው፤ እጃችንን እንዘርጋለት» አለ። ጉባኤው እጁን ዘርግቶ ጸለየልኝ። አንዲት እናት ከኋላ «ጌታ ሆይ፣ ሁላችንንም ጭኖ አዲስ አበባ ያድርሰን!» ብለው ጮኹ፤ ሕዝቡም «አሜን!» አለ። ገና አንድ ጊዜ የበረርኩ ሰው ነኝ ማለት ነበረብኝ። እኔም «አሜን» አልኩ።

አስተማሪዬ ዳያን ትባላለች። ስልሳውን ያለፈች፣ ነጭ ጸጉሯን ወደ ኋላ የምታስይዝ፣ ነገር የማታስረዝም ሴት ናት። ከጥቂት ትምህርት በኋላ አንድ ቀን ከአውሮፕላኑ ወርደን ስንሄድ «መብረር የፈለግኸው ለምንድን ነው?» አለችኝ።

«ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ ሲጠራ፣ ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ የሬይነርን ተራራ ዞሬ ማየት» አልኳት። እውነቴን ነበር።

«እንግዲያው ትንሹ ፈቃድ ይበቃሃል» አለች። ለጀማሪ ሁለት መንገድ እንዳለ አስረዳችኝ። ትንሹ ሌላ አገር ማይክሮላይት ከሚሏቸው ጋር ለምትቀራረብ፣ ሁለት ሰው ብቻ ለምትይዝ ቀላል አውሮፕላን ነው። በቀን፣ አየሩ ጥሩ ሲሆን ትበራለህ፤ ትምህርቱም አጭር ነው። ትልቁ የግል አብራሪ ፈቃድ ይባላል። ብዙ ሰው መጫን፣ ማታም መብረር ትችላለህ፤ ትምህርቱ ይረዝማል፣ የአብራሪዎች ሐኪም ዘንድ ቀርበህም ትመረመራለህ።

«ትንሹ ጤና አይጠይቅም ማለት ነው?»

«ይጠይቃል። አንተን ነው የሚጠይቀው። መንጃ ፈቃድ ካለህ፣ የዚያን ቀን ደህና መሆንህን አንተ ታውቃለህ ብሎ ያምንሃል» አለች። ቀጥላም ቆም አለችና ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «ሳም፣ አንድ ነገር ስማ። በጤናህ በኩል ነገር ካለ፣ ራስህን ስተህ የምታውቅ ከሆነ፣ ሐኪሙ ዘንድ ከመሄድህ በፊት ለእኔ ንገረኝ። እዚያ ሄደህ ከከለከሉህ ትንሹም ይዘጋብሃል። ያልጠየቀ ሰው በመንጃ ፈቃዱ ይበራል፤ ጠይቆ የተከለከለ ግን አይበርም።»

«ምንም የለብኝም» አልኳት።

ለትዕግስት ስነግራት ነገሩ ገና ከጅምሩ ተቆርጦላት ነበር። «ሶ ምኑ ያከራክራል? ሁለት ወንበር ይበቃል። አንድ ቀን እኔን፣ አንድ ቀን ናታኒያን። ትንሹን አውጣ» አለች። እኔም ተስማማሁ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እስከ እሁድ ድረስ ትንሹን ላወጣ ነበር።

እሁድ ከፕሮግራም በኋላ መተላለፊያው ላይ ቆመን ሳለ አብሮኝ የሚዘምረው ወንድወሰን «ካፒቴን፣ የትኛውን ነው የምታበረው?» አለኝ። ማይክሮላይት የሚሉት ዓይነት ቀላል አውሮፕላን እንደሆነ ነገርኩት። ስልኩን አወጣና ቃሉን ጻፈ። የወጣለት ፎቶ የጨርቅ ክንፍ ሥር የተንጠለጠለ፣ በር የሌለው፣ ባለሦስት ጎማ ነገር ነበር። እኔ የምማርበት በርም ጣሪያም ያለው የወጉ አውሮፕላን ነው፤ ግን ማን ይሰማኛል?

«እንዴ! ይሄ እኮ ባጃጅ ነው!» አለ ወንድወሰን። «የሰማይ ባጃጅ!»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ እንደ ታክሲ ረዳት «ሬንተን፣ ቢከን ሂል፣ አንድ ሰው የቀረው!» ሲል ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። እኚያ «አዲስ አበባ ያድርሰን» ያሉት እናት ሳይቀሩ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከዚያ አፌ ከእኔ ቀድሞ «ኧረ እኔ ትልቁን ነው የማወጣው» አለ። ሰኞ ጠዋት ዴ ሞይን የሚባል ከተማ ያለ የአብራሪዎች ሐኪም ዘንድ ኮል አድርጌ ቀጠሮ ያዝኩ።

አሁን ደግሞ የደበቅኩትን ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት፣ በጾም ጸሎት ላይ ሳለን ወድቄ ነበር። ሰው እየጸለየ ስለነበርና በእኛ ዘንድ በጸሎት ላይ መውደቅ እንግዳ ነገር ስላልሆነ ማንም አልደነገጠም። አጠገቤ የነበሩት ጋሽ ተክሌ ብቻ ነበሩ በትክክል ያዩኝ። ጋሽ ተክሌ ከቤተክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አንዱ ናቸው፤ ወላጆቻቸው ከኤርትራ፣ እሳቸው ግን ካዛንቺስ ያደጉ። ሲወዱኝ «ወደይ» ይሉኛል፤ በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው። ነቃ ስል አንገት ልብሳቸው አፌ ውስጥ ነበር፤ ምላሴን እንዳልቆርጠው ብለው። ሰው ሳያይ ደግፈው አወጡኝና ታክሲ ጠርተው ሆስፒታል ወሰዱኝ።

ድንገተኛ ክፍል ያየኝ ሐኪም በእንግሊዝኛ «ሲዠር ይመስላል» አለኝ። የነርቭ ሐኪም እስኪያየኝ መኪና እንዳልነዳ አስጠነቀቀኝ። ቃሉን በእንግሊዝኛ ስሰማው ያን ያህል አልከበደኝም። በአማርኛ በልቤ ሳስበው ግን ሌላ ሆነብኝ። የሚጥል በሽታ። ያደግኩበት ሰፈር ውስጥ ይህ በሽታ ያለበት ሰው ነበር፤ ሲወድቅ ሰው ክብሪት እየጫረ አፍንጫው ሥር ይይዝለት ነበር፣ ሲነሳ ግን አብሮት የሚበላ አልነበረም። ጋሽ ተክሌን ለትዕግስት እንዳይነግሩብኝ ለመንኳቸው። የነርቭ ሐኪሙን ቀጠሮ ሰረዝኩት። ለጋሽ ተክሌ «ሄጃለሁ፣ ነፃ ነህ ብሎኛል» አልኳቸው። በሳምንቱ ሻትሌን መንዳት ቀጠልኩ።

የምርመራው ቀን ሲደርስ ጋሽ ተክሌ «ብቻህን አትሄድም» አሉ። ሐኪም ቤት ሰው ብቻውን አይላክም ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው። ቢከን ሂል ቤታቸው ሄጄ ፒክ አደረግኳቸው። ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው በር ላይ ይጠብቁኝ ነበር፤ ለእኔ ክብር መሆኑ ነው። ፍሪዌይ ላይ ስንወጣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ጸለዩልኝ።

«ያ ነገር ከዚያ ወዲያ አልነካህም አይደል?» አሉኝ።

«አልነካኝም ጋሼ። ሐኪሙ ነፃ ነህ ብሎኛል አልኩዎት እኮ።»

«ስሙ ይባረክ» አሉ።

ሐኪሙ ረጅም፣ ቀጭን፣ ራሱም አብራሪ የነበረ ሽማግሌ ነው። የክፍሉ ግድግዳ በአሮጌ አውሮፕላን ፎቶ ተሞልቷል። ጋሽ ተክሌን አይቶ «እሳቸውስ?» ሲል፣ ጋሽ ተክሌ በዚያ ረጋ ባለው የድሮ ተማሪ ቤት እንግሊዝኛቸው «አባቱ ነኝ» አሉ። ሐኪሙ «ቅር ካላለህ ይግቡ» አለኝ። አስወጣቸዋለሁ እንዴ? ከበሩ አጠገብ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

ዓይኔን አየ፣ ጆሮዬን አየ፣ ደም ግፊቴን ለካ። ሁሉም ደህና ነበር። ከዚያ በተራ ይጠይቀኝ ጀመር። ስኳር? የለብኝም። ልብ? የለብኝም።

«ራስህን ስተህ ታውቃለህ? መንቀጥቀጥ? መውደቅ?»

«በጭራሽ» አልኩ።

በእንግሊዝኛ ስለሆነ ነው መሰለኝ ውሸት አልመሰለኝም። ሐኪሙ ፈገግ አለና እስክሪብቶውን አነሳ። «ልብህ የወጣት ልብ ነው። አባትህን ደስ ይበላቸው» አለ።

ይህን ጊዜ ጋሽ ተክሌ ከወንበራቸው ተነሱ። ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆሙ። እኔ ይህን አቋቋም አውቀዋለሁ፤ እሁድ ለምስክርነት ሲነሱ እንዲህ ነው የሚቆሙት።

«ዶክተር» አሉ፣ «እግዚአብሔር ያደረገውን ልመስክር። ይህ ልጅ ባለፈው ክረምት እንደታረደ ዶሮ እየተንፈራገጠ በእጄ ላይ ወድቆ ነበር። ሞተ ብዬ ነበር። ምላሱ እንዳይቆረጥ የአንገት ልብሴን አስነከስኩት። ዛሬ እርስዎ ራስዎ ጤነኛ ነው አሉ። ክብር ለጌታ ይሁን!»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን ቀስ ብሎ አስቀመጠው። ጋሽ ተክሌ አሁንም ፈገግ ብለው «አሜን» እስክንላቸው ይጠብቁ ነበር።

«ይህ እውነት ነው?» አለ ሐኪሙ፣ ወደ እኔ ዞሮ።

ወዳጆቼ፣ እዚህ ላይ ብዕሬን ጥዬ ብሄድ ደስ ይለኝ ነበር። በዚያች ደቂቃ ወንድወሰን ታየኝ፣ ሳቁ ታየኝ፣ «አንድ ሰው የቀረው» ታየኝ። ጋሽ ተክሌን ሳላያቸው ለሐኪሙ በእንግሊዝኛ እንዲህ አልኩት፦ «ይቅርታ፣ ዕድሜያቸው ገፍቷል። ይዘባርቃሉ። ከሌላ ሰው ጋር አምታተውኝ ነው።»

እንግሊዝኛዬን አሳምረው እንደሚሰሙ አውቃለሁ። አሁን አሁን «ቸኩዬ ነው» ብዬ ራሴን ላታልል እሞክራለሁ፤ ግን አውቅ ነበር።

ጋሽ ተክሌ ፈገግታቸው ከፊታቸው ላይ ቀስ እያለ ሄደ። እኔን አዩኝ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አዩ። ከዚያ ለሐኪሙ «ይሆናል ዶክተር» አሉት። «እርጅና ነው። ሌላ ልጅ ይሆናል።» በሩን ከፍተው ወጡ፤ ሲወጡም ድምፅ እንዳያሰማ በእጃቸው ይዘው ዘጉት።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አላነሳም። «ምን ሥራ ነው የምትሠራው?» አለኝ።

«ሻትል እነዳለሁ። ኤርፖርት።»

«ሰው ትጭናለህ?»

«እጭናለሁ።»

«ዛሬስ ወደዚህ ማን ነዳ?»

«እኔ።»

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ጋሽ ተክሌ መኪናዬ አጠገብ፣ በዚያ በሙሉ ልብሳቸው፣ ካፊያው ላይ ቆመዋል። ባርኔጣውን እንኳን አላደረጉትም። ወደ ሐኪሙ ዞርኩ። «እውነታቸውን ነው» አልኩት። «እኔ ነኝ። የነርቭ ሐኪም ዘንድም አልሄድኩም።»

ሐኪሙ አልተቆጣኝም፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የተጀመረውን ምርመራ እንዳልተጀመረ ማድረግ እንደማይችል፣ ጉዳዩን ፈቃድ ወደሚሰጠው መሥሪያ ቤት እንደሚልከው፣ እነሱም እንደሚከለክሉኝ ነገረኝ። «ትንሹ ፈቃድስ?» አልኩት፣ ዳያን ነግራኝ እያወቅኩ። ራሱን በአሉታ ነቀነቀ። ቀጥሎም «የነርቭ ሐኪም እስኪያይህ የመኪናህን ቁልፍ ለሌላ ሰው ስጥ። ከዚህ ከወጣህ ጀምሮ» አለኝ።

ወጥቼ ጋሽ ተክሌ ፊት ቆምኩ። ጉልበታቸውን ልይዝ ጎንበስ ስል ክንዴን ይዘው አቆሙኝ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

«ግባ፣ ብርድ ነው» አሉ።

መኪናው ውስጥ ተቀምጠን ሐኪሙ ያለኝን፣ የነርቭ ሐኪም ዘንድም አለመሄዴን ገለጥኩላቸው። እሳቸው መንዳት አይችሉም፤ እኔም አልችልም። ታክሲ ጠርተን እንድንሄድ፣ መኪናውን በኋላ እንደምወስደው ነገርኳቸው። አስቤው የነበረው ሌላ ነው፤ ማታ ተመልሼ ራሴ ልነዳው፣ ለትዕግስትም «ዶክተሩ ቀጠሮ ለወጠ» ልላት ነበር። ጋሽ ተክሌ ፊቴ ላይ አነበቡት መሰለኝ።

«ሳሙኤል» አሉኝ። ወደይ አላሉኝም። «ሐኪሙ ፊት ያረጀሁት ላንተ ብዬ ነው። ሚስትህ ፊት ግን አላረጅም። ደውልላት።»

ደወልኩላት። ትዕግስት አረጋውያን መንከባከቢያ ነው የምትሠራው፤ ሺፍቷ እስኪያልቅ መውጣት አትችልም። «ኢመርጀንሲ ነው?» አለች። አይደለም፣ ግን ነይ አልኳት። እስክትመጣ ድረስ ያን ሁሉ ሰዓት ጋሽ ተክሌና እኔ ጎን ለጎን ተቀምጠን ዝናቡ መስታወቱ ላይ ሲወርድ አየን። እሳቸው አንድ ጊዜ ብቻ አፋቸውን ከፈቱ፤ ኪሳቸው ውስጥ የነበረ ብርቱካን ልጠው ግማሹን ሲሰጡኝ «ብላ» ለማለት። በእጄ እንደያዝኩት ቀረሁ።

ትዕግስት የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ናታኒያን ከትምህርት ቤት ይዛ መጣች። ጎረቤታችን አድርሷቸው ኖሯል። ናታኒያ ከጋሽ ተክሌ ጋር መኪናው ውስጥ ቀረች፣ እኛ ወደ ጎን ወጣ አልን። ለሐኪሙ በእንግሊዝኛ የተናገርኩትን ለሚስቴ በአማርኛ መናገር ነበረብኝ።

«የሚጥል በሽታ አለብኝ መሰለኝ» አልኳት። «ከክረምት ጀምሮ አውቃለሁ።»

ትጮኻለች ብዬ ነበር። በእጇ አፏን ይዛ ቆየች። ወደ መኪናው ዞራ ልጃችንን አየች። ከዚያ በጣም ቀስ ባለ ድምፅ፦

«ትናንት ናታኒያን ስዊሚንግ ያደረስካት አንተ ነህ። በፍሪዌይ።»

እጇን ዘረጋች፣ ቁልፉን ሰጠኋት። ወደ ቤት ስንሄድ ከኋላ ከልጄ ጋር ተቀመጥኩ። ናታኒያ «ዳዲ፣ አር ዩ ሲክ?» አለችኝ፤ አሞሃል ወይ ማለቷ ነው። «አዎ የኔ ልጅ» አልኳት። «ኦኬ» አለችና ራሷን ክንዴ ላይ ጣለች።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ላሳጥረው። የነርቭ ሐኪሙ አየኝ፤ ያው የፈራሁት በሽታ ነበር። መድኃኒት ጀመርኩ፣ እስካሁንም አልወደቅኩም። ሻትሉን ተውኩ፤ አሁን እዚያው ማቆሚያው መግቢያ ላይ ነው የምሠራው። ከበላይ የተላከው መልስም መጣ፤ ትልቁም ትንሹም ተዘጋብኝ። ለዳያን ስነግራት «ይዤህ እወጣለሁ፤ ብቻህን ግን አይሆንም» አለችኝ። አንድ ቅዳሜ ተራራውን አሳየችኝ፤ ማየቱን አየሁት፣ አጠገቤ ያለችው ግን ናታኒያ አልነበረችም።

አንድ እሁድ ለምስክርነት ተነሳሁና ለጉባኤው ሁሉንም ተናገርኩ። ወንድወሰን በኋላ መጥቶ አቀፈኝና ሲለቀኝ በጆሮዬ «እኔም የስኳር መድኃኒት ከሚስቴ ደብቄ ነው የምወስደው» አለኝ። እናንተም ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው እንዳለ አልጠራጠርም፤ ካልሲ መሳቢያ ውስጥ ክኒን የሚሸሽግ፣ ቀጠሮ የሚሰርዝ፣ «ምንም የለብኝም» የሚል። እኔ ትንሹን ፈቃድ የናቅኩት ባጃጅ ስላሉት ነበር። አሁን ሳስበው ከሁለቱ ከባዱ እሱ ነበር፤ በየቀኑ ማለዳ፣ ሐኪም በሌለበት፣ «ደህና ነህ?» ብሎ አንተኑ ይጠይቅሃል። ያንን ጥያቄ ከዚያ ክረምት ጀምሮ፣ ከኋላዬ ሰው ጭኜ፣ በውሸት ስመልሰው ኖሬያለሁ። እባካችሁ፣ ዛሬ ለአንድ ሰው ንገሩ።

እሁድ እሁድ አሁን በአውቶቡስ ነው የምንሄደው፣ እኔና ጋሽ ተክሌ። ትዕግስት «ልውሰዳችሁ» ብትልም እሳቸው እምቢ አሉ፤ ከሳሙኤል ጋር መጫወት ነው የምፈልገው ይላሉ። በቀደም እለት አጠገባቸው ተቀምጬ እንደገና አነሳሁት። «ጋሼ፣ ያን ቀን ሐኪሙ ፊት ያልኩትን ነገር ልቤ ውስጥ እያለ…»

«የትኛው ሐኪም?» አሉ፣ በመስኮቱ እያዩ። «አርጅቻለሁ እኮ ወደይ። አላስታውስም።»

ከዚያ ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።